ጓዳ ውስጥ የሚጠጣ ወተት

የዛሬው ደብዳቤ ከፍኖተ ሰላም ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ላስነብባችሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 28 ነው። የስድስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። እማማ ደግ ሰው ናቸው፤ አራስ ሳለሁ እንደ ወለዱኝ ልጅ ነው የያዙኝ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም የለውም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። ልጅም ስለማጠባ ወተትና እንቁላል እንድመገብ ነገሩኝ። እማማ ግን ‹አራስነትሽ እኮ በልጅቷ ክርስትና ቀን አለቀ› አሉኝ። እኔም ጓዳ እገባና በሩን ዘግቼ ወተቴን እጠጣለሁ። ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው።

»በዚህ መሐል ታላቅ ወንድሜ ከሀዋሳ ሊጠይቀኝ መጣ። እሱ ፕሮቴስታንት ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ‹የምንድነው በእምነት ነው፣ ሕግ አያድንም› እያለ ገላትያን ያነብልኛል። ልጄ ክርስትና የተነሣችበትን 80 ቀን እንኳ ‹የኦሪት ነው› ብሎ ቀለደበት። ዓርብ ዕለት ደግሞ በእማማ መጥበሻ እንቁላል ጠብሶ አቀረበልኝ። ሽታው ቤቱን ሞላው። እማማ ምንም ሳይናገሩ መጥበሻውን አንሥተው ውጭ ጣሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ቡና አይጠጡም። ወንድሜ ተመልሷል፤ ለፋሲካ ግን እመጣለሁ ብሏል። እሱ ከመጣ እማማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ቡሬ ሄደው እንደሚውሉ ነግረውኛል። ባለቤቴ ‹እኔን አታስገቡኝ› ይላል። ከሁለቱ ማን ነው ትክክል? ወተቱን ስጠጣ ኃጢአት እየሠራሁ ነው? ለፋሲካስ ምን ይሻለኛል?»

ልጄ፣ መጀመሪያ ወተትሽን ጠጪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ይልቅ ልቤ የቀረው «በሩን ዘግቼ» ያልሽው ላይ ነው። የታመመ ሰው፣ ያውም የምታጠባ እናት፣ መድኃኒቷን እንደ ሌባ ተደብቃ የምትጠጣበት ቤት አንድ ነገር ተበላሽቶበታል። የተበላሸው ግን ወንድምሽ የሚለው ቦታ አይደለም። እማማ የሚሉትም ቦታ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳንቺ ጓዳ የገባ ትልቅ ሰው አለ። ጴጥሮስ ነው። ነገሩ የሆነው አንጾኪያ ነው። እዚያ ከአይሁድ ወገን ያልሆኑ፣ ያልተገረዙ አማኞች ነበሩ። ጴጥሮስም ከእነሱ ጋር ማዕድ ይቀርብ ነበር። ኋላ ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች መጡ። ጴጥሮስ እነሱን ፈራ። ቀስ እያለ ከማዕዱ ራቀ። ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ አልቀረም። ይህን ጊዜ ጳውሎስ ተነሥቶ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ገላትያ ምዕራፍ 2ን ብትገልጪ ታገኚዋለሽ።

ወንድምሽ ገላትያን በቃሉ የያዘ ሰው ከሆነ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ሳያስተውል ያለፈ ይመስለኛል። ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው እንጂ በሕግ ሥራ አይደለም የሚለው ያ ትልቅ ቃል እዚያ ቦታ የወጣው መምህራን ተሰብስበው መጽሐፍ ሲያመሳክሩ አይደለም። ሰዎች ከማዕድ ሲነሡ ነው። ጥያቄው «ማን ከማን ጋር ይበላል» የሚል ነበር። ጴጥሮስም የተገሠጸው ስለበላ ወይም ስላልበላ አይደለም። ሰው ፈርቶ፣ ትናንት አብሯቸው የቆረሰውን ወንድሞች ዛሬ እንደማያውቅ ሆኖ ስለተነሣ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ቤታችሁን ተመልከቺው። ማዕዱን የበተነው ማነው? እማማ ቡናውን አቋርጠዋል፤ እውነት ነው። ግን እሳቸው በሚጾሙበት ቤት፣ በእሳቸው መጥበሻ፣ በዓርብ ቀን እንቁላል የጠበሰው ሰውዬስ? እሱ በጳውሎስ ስም የጳውሎስን ነገር አፈረሰው። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች ሲጽፍ በመብል ምክንያት የእግዚአብሔርን ሥራ አታፍርስ ይላል። ለቆሮንቶስ ሰዎችም መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ብሏል። ነጻ የወጣው ሰው ነው ይህን የሚለው። መብላት ይችላል። ግን ወንድሙን ከሚያሳዝን ቢቀርበት ይመርጣል። የወንድምሽ ነጻነት ግን ገና እንቁላሉ ላይ ነው ያለው።

እሱን ብቻ መውቀሴ አይደለም፤ እህቱን ስለሚወድ ነው የጠበሰልሽ። ደም አንሶሽ ፊትሽ ገርጥቶ ሲያይ አንጀቱ አልችል ብሎት ይሆናል። ያንን አደንቅለታለሁ። ክርክሩን ግን ላስተካክልለት።

አንደኛ ነገር፣ ሁዳዴ የኦሪት ሕግ አይደለም። ኦሪትን ብታገላብጪ በየዓመቱ እንዲጾም የታዘዘው ቀን አንድ ነው፤ የማስተስረያ ቀን፣ ዘሌዋውያን 16 ላይ ያለው። 55 ቀን ሁዳዴ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የገና ጾም፣ ፍልሰታ፣ እነዚህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ናቸው። ከክርስቶስ በኋላ የመጡ ናቸው። ጳውሎስ በገላትያ የሚከራከረው ሌላ ነገር ነው። ከአሕዛብ የመጡትን አማኞች «ካልተገረዛችሁ፣ ኦሪትን ካልተሸከማችሁ ሙሉ አይደላችሁም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ነው የሚሞግተው። እማማ እኮ እንደዚያ አላሉሽም። እሳቸው ያሉሽ «ጹሚ» ነው። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት አይሆንም።

ጳውሎስ ራሱ ጿሚ ነበር። ከበርናባስ ጋር ለስብከት የተላከው ወንድሞች ጾመውና ጸልየው እጃቸውን ከጫኑበት በኋላ ነው፤ ሐዋርያት ሥራ 13 ላይ አለ። ጌታም በተራራው ስብከት «ስትጾሙ» ብሎ ነው የጀመረው። «ብትጾሙ» አላለም። ይጾማሉ ብሎ ነው የተነሣው። የነገራቸው ፊታቸውን እንዳያጠወልጉ፣ ለታይታ እንዳይሆን ነው።

ደግሞ ጳውሎስ ወንድምሽ እንደሚስለው በአንድ መሥመር የሚሄድ ሰው አይደለም። ቲቶን አስገድደው ሊያስገርዙት ሲፈልጉ አሻፈረኝ አለ። ጢሞቴዎስን ግን፣ እናቱ አይሁዳዊት አባቱ ግሪካዊ የሆነውን፣ በዚያ አገር ስለነበሩት አይሁድ ሲል ወስዶ ገረዘው። የመጀመሪያው ገላትያ 2፣ ሁለተኛው ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ነው። አንዱን ከልክሎ አንዱን የሚያደርግ ሰው ሕግ አክባሪ ነው ወይስ ሕግ ሻሪ? እኔ የሚመስለኝ፣ ከፊቱ የቆመውን ሰው ነበር የሚያየው። መዳኛህ ይህ ነው ብለው ሲያስገድዱ እምቢ ይላል። ወንጌል ለሚሰሙት ሰዎች መንገድ የሚከፍት ሲሆን ደግሞ እሺ ይላል።

የ80 ቀኑ ቀልድ ግን ግማሹ እውነት አለው። ቁጥሩ የኦሪት ነው። ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ ለወለደች 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66 ቀን ይላል። ደምሪው፣ 40 እና 80 ይመጣል። የእኛ አባቶች ግን ሌላም ይጨምራሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ኩፋሌ ዛሬ በዓለም ላይ ሙሉውን የሚገኘው በግእዝ ነው። ስለዚህ የልጅሽ 80 ቀን ለእማማ የርኩሰት ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ ሔዋን ገነት የገባችበት ቀን ነው። ልጅቷ ወደ ገነት ትግባ ማለታቸው ነው። ወንድምሽ ይህን ቢያውቅ አይቀልድም ነበር። በነገራችን ላይ ሉቃስ 2 ላይ እመቤታችን ራሷ ቀኗ ሲፈጸም እንደ ኦሪቱ ሕግ ወደ መቅደስ ወጥታለች። ያቀረቡትም የድሆችን መሥዋዕት ነው፣ ወፍ።

ይህ ኦሪትንና ወንጌልን አንድ ላይ መያዝ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ጣጣ አይደለም። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንሽን አስቢው። ታቦት አለ። ታቦት የኦሪት ነው። ቅዱስ ቁርባኑ የሚከበረው ግን በዚያ ታቦት ላይ ነው። እና በዚህ ምክንያት የውጭ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲከሱን ኖረዋል። «እናንተ አይሁድ ናችሁ፤ ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ እሪያ አትበሉም» እያሉ። ዐፄ ገላውዴዎስ ለዚህ ክስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጽሑፍ መልስ ሰጥቷል። ያ ጽሑፍ ለወንድምሽም ለእማማም መነበብ ያለበት ነው እላለሁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የምንገረዘው እንደ አገር ልማድ ነው፤ ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም ማለቱን እናውቃለን ይላል። ስለ እሪያም ሲናገር የሚበላውን አንጸየፈውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም፣ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች እንደ ጻፈው፣ ይላል።

ያ የጳውሎስ ቃል ሮሜ 14 ላይ ያለው ነው። «የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ»። እስቲ ቃላቱን እያቸው። ለሚበላው የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ «አይናቅ» ነው። ለማይበላው የሚሰጠው «አይፍረድ» ነው። ጳውሎስ የእያንዳንዱን ሕመም ለይቶ ያውቃል። የሚበላ ሰው አይፈርድም፤ ይንቃል። «ኋላ ቀር» ይላል፣ ይስቃል፣ 80 ቀን ላይ ይቀልዳል። የማይበላ ሰው ደግሞ አይንቅም፤ ይፈርዳል። መጥበሻ ይጥላል፣ ቡና ያቋርጣል። ከሮም እስከ ፍኖተ ሰላም ያው ነው።

ፍርዱ በጉልበት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ ጎጃም አሳምሮ ያውቀዋል። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ ቅዳሜን አታክብሩ፣ አትገረዙ በተባለበት ዘመን፣ ጎጃምን ይገዛ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበር፤ እሱም ከንጉሡ ይበልጥ ለአዲሱ ሃይማኖት የቀና ሰው። ስንት ደም ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅዶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሰው በአዋጅ ቅዳሜውን አይለቅም። በእንቁላል ጥብስም ሁዳዴውን አይለቅም።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። እሳቸው መጽሐፍ አይጠቅሱም ይሆናል። ቢጠቅሱ ኖሮ ግን ያዕቆብን ይጠቅሱ ነበር። «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» የሚለውን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ጳውሎስ አብርሃም በእምነት ጸደቀ ይላል፤ ያዕቆብ አብርሃም በሥራ ጸደቀ ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ ጥቅስ ነው፤ ዘፍጥረት 15፥6። ታዲያ ማን ተሳሳተ?

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው፣ ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ቦታ። ማታ ማታ የቆሎ ተማሪዎች ከእሳቸው ጋር ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ይህን ጥያቄ አንዱ ሲያነሣ አስታውሳለሁ። አባቴ «ዓመቱን ቁጠር» አሉት። እኔም ኋላ አድጌ ቆጠርኩት። አብርሃም አመነ የተባለው ምዕራፍ 15 ላይ ነው። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ያ ምዕራፍ 16 ነው። ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነበር፤ ምዕራፍ 17። ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣው ደግሞ ገና ምዕራፍ 22 ላይ ነው። ጳውሎስ «ሳይገረዝ በፊት ነው የጸደቀው» ሲል ከግዝረቱ በፊት ያለውን ዘመን ይዞ ነው። ያዕቆብ ተራራው ላይ ያለውን ቀን ይዞ ነው። አንዱ በበሩ እንዴት እንደተገባ ይናገራል፤ ሌላው ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሚኖር። የእኛ የትርጓሜ መምህራን በአንድ ቃል ላይ ሁለት ሐሳብ ሲመጣባቸው አንዱን ለመሰረዝ አይቸኩሉም። «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያስቀምጡታል። አንቺም ቤት ውስጥ አንድ «አንድም» የሚል ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ...

እማማ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ያዕቆብ ሥራ፣ ሥራ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚያው ምዕራፍ 2 ላይ በምሳሌ ተናግሯል። ወንድም ወይም እህት የዕለት ምግብ አጥተው ሳለ «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡ» ብሎ ባዶ እጃቸውን መስደድ ምን ይጠቅማል ይላል። ምሳሌው ጾም አይደለም። ማብላት ነው። የምግብ ያነሳት እህት ናት ምሳሌው ውስጥ ያለችው። ደምሽ ያነሰ አንቺ ነሽ እኮ እሷ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ዓመት ሁዳዴ እኩሌታው ላይ አንድ የቅኔ ተማሪ ንዳድ ይዞት ቤታችን መጣ። እናቴ አጥሚት አፈላችለት፤ ቅቤም ጣል አደረገችበት። ልጁ አልጠጣም አለ። «የኔታ ያዩኛል» ይላል። አባቴ ለካ ደጃፉ ላይ ቆመው ኖሯል። ገቡ። ኩባያውን ጎንበስ ብለው አዩትና እናቴን «ቅቤው አንሷል» አሏት። ከዚያ ወጡ። እሳቸው ያን ቀን እስኪጨልም እህል አልቀመሱም። ስለ ኦሪትና ወንጌል ከዚያ በኋላ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ጥቂትም አንብቤያለሁ። ያቺን ኩባያ ያህል የገባኝ ነገር ግን የለም።

አባቴ ደግሞ ከራሳቸው አውጥተው ያደረጉት አልነበረም። ሁዳዴንና ረቡዕ ዓርብን የሚያዝዘው፣ በሐዋርያት ስም የሚጠራው ጥንታዊ ቀኖና ራሱ «የሥጋ ድካም ካልከለከለው በቀር» ብሎ ለሕመምተኛው በር ከፍቷል። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት ቀጥፈው በበሉ ጊዜ ለከሰሷቸው ሰዎች የዳዊትን ታሪክ ነው የነገራቸው። ዳዊት በተራበ ጊዜ ካህናት ብቻ የሚበሉትን ኅብስት በላ። «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም» ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰንበትን አልሻረም። ለምን እንደተሠራ ነው ያስታወሳቸው።

ስለዚህ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ግን የኔ ቃል ለእማማ ምንም አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። የነፍስ አባታችሁ አሉ አይደል? ወደ እሳቸው ሂጂ። ብቻሽን እንዳትሄጂ። ብቻሽን ሄደሽ ፈቃድ ይዘሽ ብትመጪ ነገሩ የክስና የመልስ ይመስላል። «እማማ፣ አብረን ሄደን እንጠይቃቸው» በያቸው። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ያዢ። ካህኑ እማማ ባሉበት ይናገሩ። ምናልባት በጾሙ ፈንታ ጸሎት ወይም ምጽዋት ያዝዙሽ ይሆናል፤ ያዘዙሽን ፈጽሚ። እማማ ከእኔም ከወንድምሽም ያልሰሙትን ከእሳቸው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ አማት የሚከብዳት ምራቷ መብላቷ አይደለም። ሳይጠይቋት መሆኑ ነው።

ካህኑ ከፈቀዱ በኋላ ወተቱን ጓዳ ገብተሽ አትጠጪ። እማማ ፊት ተቀምጠሽ አሳይተሽም አትጠጪ። እንደ ክኒን ጠጪው፤ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ዝም ብለሽ፣ በሩ ክፍት ሆኖ።

ጤናውንም በሚመለከት አንዲት ነገር ልጨምር። የአይረን ክኒን ከሰጡሽ አታቋርጪ፤ የነገሩሽን ያህል ጊዜ ውሰጂ። የጾሙ ምግብም ቢሆን ይረዳሻል፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ወይም ልክ እንደበላሽ አትጠጪ፤ አይረኑ ሰውነትሽ ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። እማማ ቡናውን ማቋረጣቸው ለደምሽ ሳይበጅ አልቀረም እንግዲህ፤ ለቤቱ ነው ያልበጀው።

ባለቤትሽን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። «እኔን አታስገቡኝ» ማለት አይችልም። ገብቷል። አንዷ እናቱ ናት፤ አንዷ ሚስቱ ናት። ወደ ነፍስ አባታችሁ ስትሄዱ ሦስተኛው ሰው እሱ ይሁን። ልጅቷን ይቀፍላችሁ።

ፋሲካ ደግሞ ከምታስቢው ይቀላል። ሌሊት ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ስትመለሱ ቤቱ ውስጥ አንድ ምግብ ብቻ ነው ያለው። ዶሮው ለእማማም ይፈቀዳል፤ ወንድምሽም ይበላል፤ አንቺም ያለ ሥጋት ትበያለሽ። በዓመት ውስጥ ሦስታችሁ አንድ ሰሐን ላይ ያለ ክርክር የምትቀርቡበት ቀን ካለ ያ ነው። ያንን ቀን ለቡሬ መስጠት ያሳዝናል።

ወንድምሽ ግን ከበዓሉ በፊት ደውሎ እማማን ይቅርታ ይጠይቅ። ስለ ሃይማኖቱ አይደለም፤ የሚያምነውን ይመን። ስለ መጥበሻው ነው። «እማማ፣ ቤትዎን አላከበርኩም» ይበላቸው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገላትያንም ያን ቀን ቤቱ ይተወው። እማማ ስልኩን ካላነሡ ባለቤትሽ ያገናኛቸው፤ ለዚህ እንኳ ይሁን።

ሲመጣም ባዶ እጁን አይምጣ። አዲስ መጥበሻ ይግዛላቸው፤ ለጾም ብቻ የሚሆን። እጀታው እንዳይነቃነቅ አይቶ ይምረጥ፤ የድሮው እጀታው ደህና ነበር ብለው እማማ ማንሣታቸው አይቀርም።